የአብረኸት ግራ ጆሮ

የአብረኸት ሱቅ ውስጥ አሁን ቲማቲም ይሸጣል። ጎዳይፍ፣ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ ከእናቴ ሻሂ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጠባብ ክፍል ናት። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ይደረደሩበት የነበረው መደርደሪያ ላይ ዛሬ ድንችና ሽንኩርት ተቀምጧል። ሰው ግን ገና አልለመደውም። በቀደም አንድ ሽማግሌ ከዓዲ ጓዕዳድ ድረስ ቴፓቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና ቲማቲሙን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሞተች እንዴ?» አሉ።

ሮጬ ወጣሁ። «ኧረ አልሞተችም፣ ኣቦይ! ዓሰብ ሄዳ ነው። ወደቡ ላይ የመርከቦች ሬዲዮ ሥራ አግኝታ።»

«ዓሰብ!» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ይህን ማን ይሰማልኛል?»

ልብ በሉ፣ ይጠግንልኛል አላሉም፤ ይሰማልኛል ነው ያሉት። አብረኸትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው። የተበላሸ ዕቃ ስታመጡላት መጀመሪያ አትከፍተውም። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ትለኩሰዋለች፣ ጎንበስ ብላ ግራ ጆሮዋን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ትንፋሿን ትይዛለች። ትንፋሿን ስትይዝ ደግሞ እናንተም ትይዛላችሁ፤ ሳታስቡት! አንዳንዴ ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው አፉን ዘግቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ቁርጠት ሲያዳምጥ ታገኛላችሁ።

ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። ሜዳ ሳለች፣ ማለት በትግሉ ጊዜ በረሃ ሳለች፣ የአውሮፕላን ቦምብ አጠገቧ ፈንድቶ ወሰደባት። «ወሰደው፤ ይውሰደው። ግራው ይበልጣል» ትል ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «በሳሕል ተራራ ሁሉ እንደኔ የሚሰማ ሰው አልነበረም። የሌሊት ወፍ እንኳ እኔን ነው የምትጠይቀው» ስትል እናቴ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር።

በመጀመሪያ ቀን ግን እናቴ አልሳቀችም። እናቴ ዘይነብ የደሴ ልጅ ናት። አባቴ በሕይወት ሳለ እዚህ አምጥቷት፣ እሱ ካለፈ በኋላም ሻሂ ቤቷን ይዛ ቀረች። ከነጻነት በኋላ በነበሩት በእነዚያ ወራት አማርኛችን፣ የተሸነፈው ጦር ቋንቋ ነውና፣ ጮክ ብሎ እንዲወጣ አትፈልግም ነበር፤ ደንበኛ ሲገባ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ታዲያ አንድ ቀን «አንቺ ሐያት፣ ስኳሩን የት አባሽ አደረግሽው?» ብላ ስትጮህብኝ፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሸዳ ጫማ ያደረገች ታጋይ በሩ ላይ ቆማለች። ታጋይዋ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ቀጥል» አለች በአማርኛ።

«ምኑን?» አለች እናቴ፣ እጇ ብርጭቆው ላይ እንደደረቀ።

«መናገር ቀጥል። ከደሴ ነህ። ከደሴ ወይም ከሐይቅ። ዕድሜ ልኬን ሰምቼሃለሁ።»

ያንን አማርኛ እስክለምደው ድረስ ስንት ጊዜ ሳቅሁ! አብረኸት ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነው የምትለው። አማርኛ የተማረችው ከሰው አፍ አይደለም፤ ከጆሮ ማዳመጫ ነው። ሜዳ ላይ ሥራዋ የወዲያ ማዶውን ጦር ሬዲዮ መጥለፍ ነበር፤ ለዓመታት ቀን ከሌት የወታደር አማርኛ ሰማች። ስለዚህ ምሽግ፣ መድፍ፣ ስንቅ፣ ተጠባባቂ ጦር የሚሉትን ሁሉ እንደ ውሃ ትጠጣቸዋለች፤ ማንኪያን ግን «ያ ሻሂ የሚያዞረው» ነበር የምትለው። «ዘይነብ፣ ሁለት ሻሂ ባስቸኳይ ወደፊት!» ብላ ከሱቋ ስትጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞር ይላል።

«ሴት እኮ ነኝ፣ እህቴ» ትላታለች እናቴ። «አቀብዪ ይባላል።»

«እኔ ቋንቋህን ከወንዶች ነው የተማርኩት። ያውም ከተናደዱ ወንዶች። ተቀበል!»

«ተቀበል» የንግግሯ መዝጊያ ነው፤ በሬዲዮ የለመደችው።

«እትዬ አብረኸት» ብላት ተቆጣችኝ። ሜዳ ማዕረግ የለም፣ አብረኸት በቃ አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ «በአላህ፣ ታላቅሽን በስሟ!» ብላ አፏን ያዘች፤ ግን ማንም አብረኸትን በክርክር አሸንፎ አያውቅም። እኔም ስሜን ስትጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ሐ»ዋን ከጉሮሮዋ ጥልቅ አውጥታ «ሐያት» ስትለኝ፣ ስሜ በእኛ ቤት ካለው የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል አብረኸት እኛ ቤት ተቀምጣ የነገረችንን አልረሳም። ከወዲያ ማዶ ሬዲዮ ከሚይዙት አንዱ የወሎ ልጅ ነበር አለች። ስሙን አታውቅም፤ መልኩን አላየችም። «ሰው ከመናገሩ በፊት ይተነፍሳል። ሁሉም በየራሱ መንገድ። እኔ ወታደሮቹን ከቃላቸው አልነበረም የምለያቸው፣ ከትንፋሻቸው ነበር። የወሎው ልጅ ማይኩን ይጫንና እንደደከመው በሬ አንዴ እፎይ ይላል። ከዚያ ይናገራል። ጉንፋን ሲይዘው ከእናቱ በፊት እኔ ነበርኩ የማውቀው።» ሻሂዋን አየችው። «አንድ ቀን ያ ትንፋሽ ቀረ። ሌላ ሰው ሬዲዮውን ያዘ። ለማን ልንገር? ጠላት ነው እኮ። የዚያን ቀን ምግብ አልበላሁም፤ ጓዶቼ ታመመች አሉ።»

እናቴ ተነሥታ የአብረኸት ብርጭቆ ውስጥ ስኳር ጨመረች፤ ስኳር እንደነበረበት እያወቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አማርኛችን በቤታችን ጮክ ብሎ ይወጣል።

አብረኸት ሱቅ ሁለት የሲዲ ማጫወቻዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። አብረኸት ሜዳ ላይ ፍረወይኒ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። በአንድ ጉድጓድ ያደሩ፣ በአንድ ብርድ ልብስ የተኙ ናቸው። ፍረወይኒ ትዘፍን ነበር። አንድ ምሽት አብረኸት በጠለፋ ማሽኗ ላይ ያለውን ካሴት አውጥታ ባዶ ካሴት ጫነችና የፍረወይኒን የሰርግ ዘፈን ቀዳች። ፍረወይኒ ብዙም ሳትቆይ ተሰዋች። ካሴቱ ቀረ። አብረኸት ከዚያ በኋላ ባለፈችበት ሁሉ በደረት ኪሷ ይዛው ዞረች እንጂ አንድም ጊዜ አላጫወተችውም፤ ቴፕ በተጫወተ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ይራገፋል፣ ድምፁ ዱቄት ሆኖ ይቀራል ብላ።

የፍረወይኒ ወንድም ተክለ ጀርመን አገር ሙዚቃ የሚቀዳበት ቤት ውስጥ ይሠራል። አብረኸት ካሴቱን በታመነ ሰው ላከችለት። እሱ ደግሞ ወደ ሲዲ ገልብጦ መለሰላት፤ ከሲዲው ጋር ሁለት ትልልቅ ማጫወቻ አብሮ ላከ። በስልክ ያላት ይህን ብቻ ነው፤ «ሁለቱንም ስሚያቸው። የሚሻለውን ለእናቴ ስጪልኝ፤ ሌላው ያንቺ ነው።»

እናትየው ኣደይ ምሕረት ዓዲ ኣበይቶ ነው የሚኖሩት። አብረኸት በየበዓሉ ትጠይቃቸዋለች። ስለ ካሴቱ ግን ቃል ተንፍሳላቸው አታውቅም። የልጃቸው ድምፅ በአንድ ታጋይ ኪስ ውስጥ እየዞረ ኣደይ ምሕረት የነበራቸው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ማጫወቻዎቹ በመጡ ማግስት አብረኸት ክዳናቸውን ፈትታ ጠራችኝ። «ሐያት፣ ና! ይህን ተመልከት።» ስሄድ እናቴም የሻሂ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ተከተለችኝ።

«ሲዲ ላይ ዘፈን የለም» አለች አብረኸት። «ቁጥር ነው ያለው። ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ይህ ነው።» በካቻቪተዋ ጫፍ አንዲት ጥቁር፣ ብዙ እግር ያላት ነገር አሳየችን። በረሮ ትመስላለች። «አይሲ ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ዓይነቱ የተለያየ ነው። ጀርመን አገር የትኛው ይበልጣል ብለው ይኮራረፋሉ፤ ተክለ ነው የነገረኝ። ባልና ሚስት ሳይቀር!»

«ሌላ የሚጣሉበት አጥተው?» አለች እናቴ።

«ጥጋብ ነው። ግን እውነታቸውን ነው። ሚዛንህን አምጣ፣ ዘይነብ።»

እናቴ ስኳር የምትመዝንበትን ሚዛን ከነድንጋዮቹ አመጣች። አብረኸት ድንጋዮቹን ከትልቁ እስከ ትንሿ ደረደረቻቸው።

«የመጀመሪያው ማጫወቻ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ድንጋይ ያነሣል፣ ድንጋይ ያስቀምጣል። ትልቁ፣ ግማሹ፣ የግማሹ ግማሽ፣ እያለ ይወርዳል። ጮክ ያለ ድምፅ ሲመጣ ጀግና ነው። ችግሩ ዝምታ አጠገብ ነው። እዚያ ጋ ትልቁን ድንጋይ አንሥቶ» አነሣችው፣ «ትንንሾቹን ሁሉ ባንዴ ማስቀመጥ አለበት። ትልቁ ድንጋይ በጸጉር ያህል ቢሳሳት እዚያ ላይ ይደናቀፋል። በጩኸት ጊዜ ማን ያውቅበታል? በሹክሹክታ ጊዜ ግን ድምፁ አሸዋ ይሆናል።»

«የእኔ ድንጋይ አይሳሳትም» አለች እናቴ።

«ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ድንጋይ ብቻ ናት ያለችው። ያስቀምጣል፣ ያነሣል። እወ፣ ኣይፋል፤ አዎ፣ አይደለም። በጣም፣ በጣም በፍጥነት።»

«እንደ ሪፈረንደሙ!» አልኩ እኔ፤ ሕዝቡ ስለ ነጻነቱ በእወ ወይም በኣይፋል ድምፅ እንደሰጠበት።

አብረኸት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «እንደ ሪፈረንደሙ! ግን በአንድ ሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚመርጥ ሕዝብ! እሱ ዝምታ አጠገብ አይደናቀፍም፤ የሚሳሳትበት ትልቅ ድንጋይ የለውማ። ግን ከላይ ከላይ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን መግፈፍ አለባቸው። አረፋ ሲገፈፍ ወተትም ትንሽ አብሮ ይሄዳል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ደረት ግን የለውም።»

እኔ በዚያው ስም አወጣሁላቸው። አንደኛው ሚዛን፣ ሁለተኛው እወ-ኣይፋል። ስሙ ጸደቀ።

ከዚያ ማወዳደር ተጀመረ። አንድ ጆሮ አይበቃም ብላ የእኔን ሁለቱን ተበደረች። ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ ሲዲውን ከአንዱ አውጥታ ወደ ሌላው ትከትታለች፤ የትኛው እንደሚጫወት አትነግረኝም። በመጀመሪያ የሁለቱን ድምፅ በመለኪያ እኩል ታደርጋለች፤ በዚህ ቀልድ የለም። «ጮክ ያለ ሁሌ የተሻለ ይመስላል። በስብሰባም እንዲሁ ነው» ትላለች። ለልምምድ ከማጫወቻዎቹ ጋር የመጣ የፒያኖ ሲዲ ነበር። ካሴቱ የተገለበጠበትን ሲዲ ያስገባችው ብዙ ቆይታ ነው።

የፍረወይኒ ድምፅ ከሚዛን ሲወጣ፣ ወይ ጉድ! ክፍሉ ውስጥ ሰው የቆመ መሰለኝ። ሰፊ፣ ሙቅ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው። በእወ-ኣይፋል ሲሆን ያው ዘፈን ሻሽ እንደተከናነበ ሆኖ ራቅ ይላል።

«ሚዛን» አልኩ።

«ሚዛን» አለች እሷም፣ ዓይኗ በርቶ። «ለኣደይ ምሕረት ሚዛን ነው የሚገባው።»

«ግን ከዘፈኑ በፊት ያለችው ነገር በእወ-ኣይፋል ትሻላለች» አልኩ። «ገና ስትጀምር።»

«እሱ የቴፑ ሹሹታ ነው። እሱን እናልፈዋለን።»

እውነትም ታልፈው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ቁልፉን ተጭና የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ትዘልልና ከዘፈኑ ትጀምር ነበር። ዳግመኛ ከመጀመሪያው ስታዳምጠው አላየኋትም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኋትም፤ ባለሙያ ናት፣ ታውቃለች አልኩ።

እንግዲህ ሚዛን ተመረጠ፤ ወደ ዓዲ ኣበይቶ ይሄዳል ብለን ጠበቅን። አልሄደም። ሚዛን ውስጥ ትልቁን ድንጋይ የምታስተካክል የምስር ፍሬ የምታህል ብሎን አለች። አብረኸት እሷን ይዛ ቀረች። በካቻቪተ ጫፍ ትነካትና «አሁንስ?» ትለኛለች። «ተሻለ» እላለሁ። «አልተሻለም» ትላለች። በማግሥቱ መልሳ ታዞራታለች። ክረምቱ ወጣ፤ ዓውደ ዓመት መጣና አብረኸት ዓዲ ኣበይቶ ሄዳ ኣደይ ምሕረትን ሳመች፣ በላች፣ ጠጣች፤ ስለ ድምፁ ሳትናገር ተመለሰች።

«ምነው?» አለቻት እናቴ።

«ገና ነው። ብሎኗ አልተስተካከለችም።»

«እህቴ፣ አሮጊቷ ብሎን ምን ያደርጉላቸዋል?»

«ዘይነብ፣ በማታውቀው ግንባር አትግባ። ተቀበል።»

እናቴ አልተቀበለችም። እኔ በዚያ ሰሞን የገባኝ ነገር ቢኖር አብረኸት መፍራቷ ነው። ያቺ የሌሊት ወፍ የምትጠይቃት አብረኸት! ድምፁን ለኣደይ ምሕረት ስትሰጥ አብሮ የሚሰጥ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ተመለስኩ፣ እሷ አልተመለሰችም የሚል። ብሎኗ እስክትስተካከል ድረስ ያንን መናገር የለባትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ «ሻሂ ቤቱን ጠብቂ» ብላኝ በአውቶቡስ ሄደች። ስትመለስ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ የለበሱ አሮጊት አብረዋት ወረዱ። ኣደይ ምሕረት ናቸው። እናቴ ጠቀሰችኝና «እኔ ቁርጡን ማወቅ ነው የምወደው፣ ልጄ» አለች።

አብረኸት በሩን በደንቆሮው ጆሮዋ በኩል አድርጋ ብሎኗ ላይ አጎንብሳ ነበር። ኣደይ ምሕረት ከኋላዋ ደርሰው ቆሙ። አልሰማቻቸውም። እሳቸውም አልቸኮሉም፤ ጀርባዋን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በግራ በኩል ዞረው መጡ።

«ኣብረኸት ጓለይ፣ ልጄ፣ የፍረወይኒ ድምፅ እኔ ጋ ሳይሆን አንቺ ጋ አለ አሉኝ። ሓቂ ድዩ?»

ካቻቪተው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በትግርኛ ነው፤ እኔ በቤታችን ቋንቋ እጽፈዋለሁ።

«እውነት ነው፣ ኣደይ። ግን ገና አልተዘጋጀም። ብሎኗ…»

«የምን ብሎን? እኔ ማኪና ልገዛ አልመጣሁም።»

እናቴ ወንበር አቀረበች። አብረኸት ሲዲውን ሚዛን ውስጥ ከተተች፣ እንደ ልማዷ መጀመሪያውን ዘለለች፣ ዘፈኑን ለቀቀችው። ያ ሙቅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እኔ የኣደይ ምሕረትን ፊት ሳይ ነበር፤ አሁን ያለቅሳሉ፣ አሁን ይነሣሉ እላለሁ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጡ፤ እንደ እንግዳ።

«ደስ የሚል ድምፅ ነው» አሉ ሲያልቅ። «የወለደቻት ትባረክ። ግን ጓለይ አይደለችም።»

«ኣደይ! እሷ ናት። እኔ ነኝ የቀዳኋት። አጠገቧ ተቀምጬ!»

«ይህች ትልቅ ሴት ናት። የእኔ ልጅ ከቤቴ የወጣችው በልጅነቷ ነው። እንዲህ ያለ ደረት አልነበራትም፤ የእሷ ደረት ደካማ ነበር።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ አብረኸትን የሚያጽናኑ ነው የሚመስሉት። «ምንም አይደል። ተሳስተሽ ይሆናል። ብዙ ነበራችሁ።»

አብረኸት የወደቀውን ካቻቪተ ከወለሉ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። አብረኸት! ክርክር ተሸንፋ የማታውቀው! ያን ሁሉ ዘመን በኪሷ የያዘችው ነገር እዚያው ዓይኗ ሥር ባዕድ ሆነ። እናቴ የፎጣዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች፤ ምነው ባላመጣኋቸው እያለች እንደሆነ ከፊቷ ይነበባል።

ኣደይ ምሕረት ለመነሣት ወንበሩን ተደገፉ፤ ከዚያ ግን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ቀጠሉ። «ፍረወይኒን እኔ ከድምጿ አልነበረም የማውቃት። ውሃ ተሸክማ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ገና አፏን ሳትከፍት አውቃት ነበር። ትንፋሿን ሁለቴ ነበር የምትስበው። አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። እኔ እሳቱ ጋ ሆኜ ‹መጣች› እላለሁ።»

አብረኸት ቀና አለች። የምትሰማበት ፊቷ ተመለሰ። ሲዲውን ከሚዛን አወጣችው፣ እወ-ኣይፋል ውስጥ አስገባችው። ጣቷ መዝለያው ቁልፍ ላይ ደረሰና ሳይጫን ተመለሰ። ከመጀመሪያው ለቀቀችው።

በመጀመሪያ ሹሹታው መጣ። ከሹሹታው ውስጥ ነፋስ። በሩቅ አንድ ሰው ብረት ድስት ሲያስቀምጥ። በሚዛን አሸዋ የነበረው ሁሉ እዚህ የየራሱ ቦታ ነበረው። ከዚያ፣ ልክ አጠገባችን፣ አንድ አጭር ትንፋሽ። አንድ ረጅም።

ኣደይ ምሕረት ብድግ አሉ።

«መጣች» አሉ።

አብረኸት ዘፈኑ ሳይጀምር አቆመችው።

«ድገሚያት፣ በጃኺ፣ እባክሽ» አሉ ኣደይ ምሕረት።

ደገመቻት። አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። እንደገና። ማጫወቻው ከዚህ እስከዚህ ብሎ የሚደግም ቁልፍ ነበረው፤ አብረኸት እሱን ተጭና ተወችው። ፍረወይኒ በሩ ላይ ደረሰች፣ ደረሰች፣ ደግማ ደረሰች። ኣደይ ምሕረት አንድ እጃቸውን እስፒከሩ ላይ አድርገው ሙቀት እንዳለው ሁሉ ዳሰሱት።

«ዘፈኑንስ፣ ኣደይ?» አለች አብረኸት በቀጭን ድምፅ።

«ዘፈኑ ይደርሳል። መጀመሪያ ትግባ።»

ያን ጊዜ አብረኸትን አየኋት። ጎንበስ ብላ፣ ግራ ጆሮዋን ሰጥታ፣ እንደ ሁልጊዜው ትንፋሿን ይዛለች፤ ግን አልለቀቀችውም። ፊቷ ጠቆረ፤ የአንገቷ ሥር ወጣ። ኣደይ ምሕረትም አዩ። ከእስፒከሩ ላይ እጃቸውን አንሥተው ጀርባዋ መሐል ላይ አስቀመጡት፤ ሕፃን እንደሚያገሱ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጓት።

«ተንፍሺ፣ ጓለይ» አሏት። «አንቺም እኮ መጥተሻል። ተንፍሺ።»

አብረኸት ተነፈሰች። እንዲያ ያለ ትንፋሽ ሰምቼ አላውቅም፤ ከሜዳ ጀምሮ ተይዞ የቆየ ይመስል ነበር። ከዚያ ጭንቅላቷን የኣደይ ምሕረት ሆድ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ አለቀሰች። እናቴ ሻሂ ቀድታ አመጣች፤ ማንም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ፤ ሌላ ቀዳች።

እወ-ኣይፋል ዓዲ ኣበይቶ ሄደ። መብራት ገና ስላልገባ አብረኸት በማኪና ባትሪ እንዲሠራ አድርጋ ገጠመችላቸው፤ ባትሪውንም በየእሑዱ ራሷ ትለውጥላቸው ነበር፤ እዚያው ትውል ነበር። ዘፈኑንም ከብዙ ቀን በኋላ ሰሙት፤ «አድጋ ነው እንጂ እሷ ናት» አሉ፣ አብረኸት ስትነግረን ጥርሷ አልተከደነም። ሚዛንን ለእኛ ሰጠችን፤ ሻሂ ቤታችን ውስጥ ነው ያለው፣ ደንበኞቻችን በጣም ይኮሩበታል።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት አንድ ቀን። «የትኛው ነው የሚሻለው?»

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው የሚባል የለም። ለዘፈን ሚዛን። ሰው ለመምጣት እወ-ኣይፋል።» ጆሮዋን ነካች። «እኔ የወሎውን ልጅ ከትንፋሹ ለየሁት። የራሴን ጓደኛ ከዘፈኗ ፈለግኋት። ይህ ለጠላፊ ነውር ነው። ለማንም እንዳትናገር።»

ይኸው ተናገርኩ። ዓሰብ ድረስ መጥታ ብትቆጣኝ ደስታዬ ነው።

የሄደች ቀን ኣደይ ምሕረት ስንቅ ቋጥረው ፌርማታው ላይ ነበሩ። አብረኸት ሁላችንንም በየተራ ሳመችና እናቴን «ዘይነብ፣ ቦታህን ያዝ!» አለቻት። እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም «ይዣለሁ» አለች። አውቶቡሱ ሲሄድ እኔ በግራ በኩል ነበር የሮጥኩት። እስካሁን ድረስ የምወደው ሰው አጠገብ ስቀመጥ ሳላስበው ግራውን ነው የምመርጠው።

ባለፈው ሐሙስ የፋርማቺያው፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ እየሮጠ መጣ። «ሐያት፣ ስልክ! ከሩቅ ነው!» ሄጄ አነሣሁት። መስመሩ ውስጥ ባሕር የመሰለ ሹሹታ ነበር። «ሃሎ?» አልኩ። ማንም አልመለሰም። ልዘጋው ስል ከሹሹታው ውስጥ አንድ ትንፋሽ ገባ። ገባ፣ አልወጣም። በዚህ ዓለም ላይ ስልክ ይዞ ትንፋሹን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

«ተንፍሺ፣ አብረኸት!» ብዬ ጮህኩ።

ፋርማቺያው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ማዶ ሳቋ መጣ፣ ያ ሱቅ የሚያናውጠው፣ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ።

«ተቀብያለሁ» አለች።